ዘጠና ሦስት ዲግሪ

ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ከመጀመሩ በፊት ቤተ ሙከራው እንደ ወትሮው ነበር። አራት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ በየጠረጴዛው ላይ አንድ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሁለት ቧንቧ (ውሃ የሚወርደው ግን ከአንዱ ብቻ ነው)፣ እና ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን። ካርቶኑ ላይ በወፍራም ቀለም «የተበላሹ» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ አሥራ አንድ ቴርሞሜትሮች በጨርቅ ተጠቅልለው ተጋድመዋል። የሁሉም አንገት ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

ክሩን የሚያስሩት የፊዚክስ መምህሩ ናቸው። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት «ቲቸር»፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «ሚሊ» ይሏቸዋል፤ ከሚሊ ሜትር የተቆረጠ ስም ነው። ሰውየው ያለ ማስመሪያ መስመር አያሰምሩም። ሰሌዳ ላይ የሚስሉት ክብ እንኳ በገመድና በጠመኔ የተለካ ነው።

ትምህርት ቤቱ አዲስ ቴርሞሜትር በገዛ ቁጥር ሚሊ ክፍል ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይፈትኑታል። ውሃ ያፈላሉ፣ ቴርሞሜትሩን ይከትታሉ፣ ይጠብቃሉ። ቀዩ ፈሳሽ ሽቅብ ይወጣ ይወጣና ዘጠና ሦስት ላይ ቀጥ ይላል። ይጠብቃሉ። ንቅንቅ የለም። «ርካሽ ዕቃ!» ይሉና ክር አስረው ወደ ካርቶኑ ይሰዱታል። እስካሁን ፈተናውን ያለፈ አልተገኘም። ስለዚህ ለትምህርቱ ከካርቶኑ ውስጥ ያሉት ይወጣሉ። «አያያዙን ለመልመድ ይበቃሉ፤ መልሱን እንደሆነ እናውቀዋለን» ይላሉ ሚሊ። በየዓመቱ የአስረኛ ክፍል ልጆች ዘጠና ሦስት እያዩ መቶ ይጽፋሉ። የጠየቀ የለም፤ ውጤቱም ሙሉ ነው።

የዚያን ሰኞ ግን ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ሽቦ ነበረች።

ሽቦ የቤት ስሟ አይደለም። ቀጭን ስለሆነች፣ ደግሞም ብትጣመም እንጂ ስለማትሰበር፣ የክፍል ጓደኞቿ የሚጠሯት በዚህ ስም ነው። ስሙን ያወጣችው አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ናት፤ እሷ ራሷ ወሬ ስለማታቋርጥ ሬዲዮ ትባላለች።

«ፈላ» አለች ሬዲዮ፣ ቢከር በሚባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ የሚንቦጫረቀውን ውሃ እያየች። «ጻፊ፣ መቶ። ቶሎ በይ፣ ደወሉ ሊደወል ነው።»

ሽቦ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከቀዩ ፈሳሽ ጫፍ ጋር አስተካከለች። ዘጠና ሦስት። ትንሽ ጠበቀች። ውሃው ይንተከተካል፤ ፈሳሹ ግን እንደ ተተከለ ምሰሶ ቆሟል።

«ዘጠና ሦስት ነው የሚለው።»

«ተበላሽቷላ! ክሩን አታዪም?»

«የነዚያስ?» ሽቦ በአገጯ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ አመለከተች።

«የነሱም ክር አለው። አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን በልተሽ ነው የመጣሽው?»

ሽቦ ተነሣች። ሦስቱን ጠረጴዛዎች ዞራ አየች። ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና ሦስት። ከዚያ ተመልሳ የሥራ ወረቀቷ ላይ «የተነበበው ሙቀት» ከሚለው ትይዩ ያነበበችውን ጻፈች።

ሚሊ ወረቀቶቹን እዚያው እያገላበጡ ያርሙ ነበር። መቶ፣ መቶ፣ መቶ። ቀይ እስክሪብቶው በአንድ ምት ሲራመድ ቆይቶ ድንገት ቆመ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ ቲቸር።»

«ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «በመቶ!» አለ። ሚሊ ግን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና ሽቦን ብቻ አዩ።

«የሰጡን ማጠቃለያ መቶ ይላል፣ ቲቸር። እዚህ ወረቀት ላይ የተጠየቅኩት ግን ያነበብኩትን ነው። ያነበብኩት ዘጠና ሦስት ነው።»

«በተበላሸ ዕቃ ያነበብሽውን!»

«አራቱም አንድ ዓይነት ነው የሚሉት።»

«አራቱም ተበላሽተዋላ!» አለ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ። ካፒቴን ይሉታል፤ የክፍሉ የኳስ ቡድን አምበል ነው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ሚሊ አልሳቁም። ወረቀቷ ላይ ዜሮ አሰፈሩ፤ ዜሮውም ቢሆን ክቡ የተስተካከለ ነበር። «የተግባር ሥራው ከሃያ ነው። እስከ ዓርብ አርመሽ ካመጣሽ እቀበልሻለሁ። ካላመጣሽ ዜሮው ይጸናል።»

ሽቦ ሒሳቡን ለመሥራት ወረቀት አላስፈለጋትም። በሚቀጥለው ዓመት ናቹራል ለመግባት በፊዚክስ ሰባ ያስፈልጋል። ሃያው ከተቆረጠባት፣ እስካሁን ያጣችው ነጥብ ተደምሮ፣ የፈለገውን ያህል ብታጠና ሰባ አይሞላላትም። ሶሻል ትመደባለች፣ አበቃ። ሶሻል ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እሷ ግን ሰባተኛ ክፍል ሳለች የሆስፒታል ቤተ ሙከራ በመስኮት ካየች ጀምሮ፣ ነጭ ጋውን ለብሰው የሰው ደም የሚመረምሩትን ካየች ጀምሮ፣ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም።

ደጅ ሲወጡ ሬዲዮ ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

«ስሚኝ። አንድ ቁጥር ነው። አንዱን ዘጠኝና አንዱን ሦስት ትሰርዢያለሽ፣ ትገላገያለሽ። ለሚሊ ብለሽ ነው ወይስ ለውሃው?»

«ለማንም ብዬ አይደለም።»

«ታዲያ ምንሽ ተነካ?»

ሽቦ ትንሽ አሰበች። «ዓይኔ» አለች።

*

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ሽቦ ማታ ወሬውን ስትነግራት የአንድ ሙሽራ ሚዜ ቀሚስ እያጠበበች፣ ከንፈሯ መሃል ሦስት አራት መርፌ ቁልፍ ይዛ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ መርፌዎቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ ይህ ማለት ነገሩ ከበድ ብሏል ማለት ነው።

«አርመሽ ስጫቸው፣ ልጄ።»

«እማዬ፣ ውሸት ነው እኮ።»

«ማን እውነት ነው አለሽ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። መምህር ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ንጉሥ ነው።»

«ሰማይ ልረስ አላልኩም። ቴርሞሜትር ነው ያነበብኩት።»

እናቷ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል በእጇ ጀርባ አፈነችው። «አፍሽስ! ይሄ አፍሽ ነው ሶሻል የሚያስገባሽ። ለዚህ ነው እኔ ወገቤ እስኪቆረጥ የምሰፋው? ናቹራል፣ ናቹራል ስትዪ አልነበረም ወይ ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«አሁንም እላለሁ።»

«እኮ ጻፊላቸው! ሃያሽን ተቀበይ። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ቤት ገብተሽ ያየሽውን ትጽፊያለሽ።»

ሽቦ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። «እማዬ፣ አንድ ቀን አንቺ ታመሽ ደምሽን የምትመረምረው ልጅ፣ ማሽኑ ያሳያትን ትታ መጽሐፍ ላይ ያለውን ብትጽፍልሽስ? እዚህ ያልለመድኩትን እዚያ ከየት አመጣዋለሁ?»

እናቷ ቀሚሱን ገለበጠችው። መርፌዎቿን መልሳ ከንፈሯ መሃል ከተተች፤ በጥርሷ እንደያዘችም «እንደ አባትሽ ግትር» አለች። በዚያ ቤት ይህ ስድብም ምርቃትም ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሽቦ አልጠየቀችም።

*

የቤተ ሙከራው የጽዳት ተራ የዚያ ሳምንት የሬዲዮ ነበር። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሁለቱ መጥረጊያና ባልዲ ይዘው ገቡ። ሽቦ ከቦርሳዋ አንድ ፍላስክ አወጣች። ክዳኑን ስትከፍት ውስጡ ከሰፈሯ ጁስ ቤት ለምና ያመጣችው፣ የተፈጨ በረዶ ነው።

«ይሄ ለኛ ነው ለቴርሞሜትሩ?» አለች ሬዲዮ፣ አንዱን ቁራጭ አፏ ውስጥ ጥላ።

«አትጨርሺብኝ! በረዶ ሲቀልጥ ዜሮ ነው አይደል? እሱን ደግሞ እነዚህ ምን እንደሚሉ እንይ። የተበላሸ ቴርሞሜትር ከላይ ብቻ አይዋሽም፤ ከታችም መዋሸት አለበት።»

በረዶውን ቢከር ውስጥ ገልብጣ ጥቂት ውሃ ጨመረችበት። ካርቶኑን ጎትታ የመጀመሪያውን ቴርሞሜትር ከተተች። ፈሳሹ እየወረደ፣ እየወረደ መጥቶ ዜሮዋ መስመር ላይ አረፈ። ሽቦ አወጣችው፤ ሁለተኛውን ከተተች። ዜሮ። ሦስተኛውን። ሬዲዮ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ጠጋ አለች። ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ወሬ ማቆሟን ሽቦ ልብ አለች፤ ይህም ራሱ መመዝገብ ያለበት ነገር ነው።

አሥራ አንዱም ዜሮ አሉ።

«አንድ ውሸታም ይኖራል» አለች ሽቦ፣ የመጨረሻውን በጨርቅ እያደረቀች። «ሁለትም ይኖራል። አሥራ አንድ ውሸታም ግን ተማክሮ ካልሆነ በስተቀር አንድ ዓይነት ውሸት አይዋሽም። ቴርሞሜትር ደግሞ አይማከርም።»

«እሺ ካልተበላሹ፣ ለምን ዘጠና ሦስት ይላሉ?»

«እሱን አላውቅም።»

«አላውቅም? አላውቅም ብለሽ ነው ሚሊ ፊት የምትቆሚው? እንደ ዳማ ነው የሚበሉሽ!»

ሽቦ ካርቶኑን ወደ ቦታው ገፋች። ልቧ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም አይባልም። ግን ከፍርሃቱ በላይ ንዴት ነበራት። እነዚህ ነገሮች ስንት ዓመት ሙሉ እውነቱን እየተናገሩ አንገታቸው ላይ ክር ታስሮባቸዋል።

*

ዓርብ ሚሊ ክፍሉን ካስቀመጡ በኋላ የሽቦን ወረቀት የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ከጎኑ እስክሪብቶ አኖሩ፤ ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ትይዩ እስኪሆን አስተካከሉት።

«ነይ።»

ሽቦ ተነሣች። ከጠረጴዛዋ ፊተኛው ጠረጴዛ ድረስ ያለው መንገድ ያን ያህል ረዝሞባት አያውቅም። አርባ ጥንድ ዓይን ጀርባዋን ይወጋታል።

«አርሚ።»

«አላርምም፣ ቲቸር።»

ካፒቴን በፉጨት «ፊውው» አለ።

«ዜሮ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ናቹራል እንደማትገቢስ?»

«እሱንም አውቃለሁ።» ቀና ብላ ደገመችው። «እሱንም አውቃለሁ፣ ቲቸር። ግን ቴርሞሜትሮቹ አልተበላሹም። በረዶ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ፤ አሥራ አንዱም ዜሮ ነው የሚሉት።»

ሚሊ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታችኛው ልክ ቢሆን ላይኛው ልክ ነው ማለት ነው? እግሩ ደህና የሆነ ሰው ራሱን አይታመምም?»

ጥያቄው ልክ ነበር። ሽቦም ልክ መሆኑ ገባት፤ ያናደዳትም እሱ ነው። «አይደለም» አለች። «ላይኛውን አላረጋገጥኩም፤ የማረጋግጥበት የለኝም። ለምን ዘጠና ሦስት እንደሚሉም አላውቅም። ያየሁትን ግን አውቃለሁ። ያላየሁትን ጽፌ ሃያ ከማገኝ ያየሁትን ጽፌ ዜሮ ይሻለኛል።»

«ደፋር ሆነሻል!»

«አዎ፣ ቲቸር።»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር ተንቋቋ። ሬዲዮ ቆማለች። ያለ ፈቃድ ማውራት ልማዷ ቢሆንም ያለ ፈቃድ ስትቆም ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «እኔም ነበርኩ። አይቻለሁ። ዜሮ ነው የሚሉት፤ ዛሬም በረዶ ይዘን መጥተናል።»

«ይሞከራ!» አለ ካፒቴን ከኋላ። ቀልዱን መሆኑን አለመሆኑን እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ሌላው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ፤ ሌላዋ ተከተለች። «ይሞከር! ይሞከር!»

ሚሊ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ሆኖም ዓይናቸው ሬዲዮ ከፍ አድርጋ የያዘችው ፍላስክ ላይ አረፈ። ሰውየው ብዙ ነገር እምቢ ማለት ይችላሉ፤ የሚለካ ነገር ፊታቸው ተቀምጦ አለመለካት ግን አይሆንላቸውም። ካርቶኑን ራሳቸው አነሡ። በረዶውን ቢከር ውስጥ ገልብጠው አንዱን ከተቱ፣ ጎንበስ ብለው አነበቡ። ሌላውን ከተቱ። ሁሉንም በየተራ ከትተው አነበቡ።

ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ንዴት አልነበረም። ቁልፉን እቤት ውስጥ ረስቶ በሩን የዘጋ ሰው መልክ ነበር። ሄደው ከጠረጴዛቸው መሳቢያ የተማሪውን መጽሐፍ አወጡ። ክፍሉ የሚያጠናው ከማጠቃለያ ወረቀት ስለሆነ መጽሐፉን ገልጦ የሚያይ የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፦ ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል። ሚሊ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡ።

«ንጹህ ውሃ... በባሕር ጠለል ደረጃ ባለው የአየር ግፊት... በመቶ ዲግሪ ይፈላል።»

ማጠቃለያውን ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱ በአንድ ገጽ እንዲያልቅ መሃሉን የቆረጡትም እሳቸው ናቸው።

«ባሕር ያየ አለ?» አሉ ቀስ ብለው።

«በቲቪ፣ ቲቸር» አለ ካፒቴን።

«እኛ ያለነው ከባሕሩ በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው መቶ ሳይደርስ ይፈላል። ይሄን በየዓመቱ ምዕራፍ አራት ላይ አስተምረዋለሁ።» ድምፃቸው ወረደ። «ካርቶኑ ግን የሚወጣው ምዕራፍ ሁለት ላይ ነው፤ ሁለቱን አገናኝቼ አላውቅም።»

ሚሊ ወደ ሽቦ ወረቀት ተመለሱ። ዜሮውን በማስመሪያ ሰረዙትና ከላዩ «አሥራ ስምንት» ብለው ጻፉ።

ሽቦ አየችው። «ሁለቱስ፣ ቲቸር?»

ክፍሉ ፈነዳ። «አንቺ ልጅ!» አለች ሬዲዮ ፊቷን በእጇ ሸፍና። «ኧረ ተቀመጪ!»

«ሁለቱ» አሉ ሚሊ፣ የከንፈራቸው ጠርዝ ትንሽ እየተንቀሳቀሰ፣ «ሰኞ ስታነቢ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የቢከሩን ወለል ነክቶ ነበር። ውሃው መሃል መንጠልጠል አለበት። አይቼሻለሁ።»

ሽቦ ልትከራከር አሰበች። ሰኞን ወደ ኋላ መልሳ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። ነክቶ ነበር። «ልክ ነው» አለች፤ ሄዳም ተቀመጠች።

«ሌሎቻችሁ ግን» አሉ ሚሊ ወደ ክፍሉ ዞረው፣ «ያላያችሁትን ጽፋችሁ ሃያ ከሃያ ይዛችኋል። የሰጠሁትም እኔ ነኝ። የሁላችንም ተሰርዟል። ምድጃውን አብሩ።»

«ቲቸር፣ ዓርብ እኮ ነው!»

«ውሃ ዓርብም ይፈላል።»

አራቱም ምድጃዎች መጋል ጀመሩ። ሚሊ መቀስ አምጥተው በየቴርሞሜትሩ አንገት ላይ ያለውን ክር ቆረጡ፤ ቁርጥራጮቹንም ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ አዲስ ሥርዓት አወጡ፦ እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን ቀርቦ ያነባል። ለማንም ትንፍሽ አይልም። ያየውን በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ስም አይጽፍም፣ አጥፎ ባዶው ቢከር ውስጥ ይጥላል።

ውሃው እየጎደለ፣ እየተሞላ፣ እንደገና እየፈላ ተራው ለሁሉም ደረሰ። ካፒቴን አንብቦ ሲመለስ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ነበር። ሬዲዮ ከንፈሯን ነክሳ፣ አፏን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ተመለሰች። ሽቦ ከሁሉም ኋላ ሄደች። ቴርሞሜትሩን ውሃው መሃል አንጠልጥላ፣ ወለሉን እንዳይነካ ተጠንቅቃ፣ አነበበች፤ ጻፈች፤ ጣለች።

ያን ቀን ከአርባ አንድ ተማሪ የቀረ አልነበረም። አርባ አንዱም ጥለው ሲያበቁ ሚሊ ምድጃው ዘንድ ጎንበስ አሉ። ከሁሉም በላይ ቆዩ። ከዚያ እሳቸውም ከወረቀት ጥግ ቁራጭ ቀደዱ፣ ጀርባቸውን ለክፍሉ ሰጥተው ጻፉ፣ አጠፉ፣ ቢከሩ ውስጥ ጨመሩ። ቢከሩን አናውጠው ለሬዲዮ ሰጧት።

«ጮክ ብለሽ አንብቢ። እስቲ ያ አፍሽ ለአንድ ቀን ሥራ ይሥራ።»

ሬዲዮ አንድ በአንድ እየከፈተች አነበበች፤ ሽቦ ሰሌዳው ላይ መዘገበች። ሠላሳ አራቱ ዘጠና ሦስት ይላሉ። አምስቱ ዘጠና ሁለት ተኩል። ሦስቱ ዘጠና ሦስት ተኩል።

አርባ ሁለት ወረቀት ነበር። መቶ የሚል አንድም አልተገኘም።